ጓርኒሲዮኑ ለምን ደጋግሞ ይቃጠላል?

የመኪና ጥያቄና መልስ ዓምድ

በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የመጡት አራት ጥያቄዎች ሁሉም የሚያመሩት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ሞተሩ ጭሱን መጀመሪያ ወደሚተፋበት ማኒፎልድ። ጓርኒሲዮን የምንለው ደግሞ በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ ገብቶ ፍሳሽ የሚዘጋውን ስስ ንጣፍ ነው። የመጀመሪያው ዘርዘር ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ገጽ ወስዷል።

ጥያቄ፦ በፈረንጆቹ የ1993 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፤ ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ ነው። ጠዋት ሲነሳ ከፊት በኩል «ጨክ ጨክ» ይላል፣ ሲሞቅ ድምፁ ይቀንሳል። ባለፈው ክረምት ጋራዥ ወስጄው የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ተብሎ ተቀየረልኝ፤ «እንዲጠብቅ» ብለው ቀይ ሲሊኮንም ቀቡበት። ሦስት ወር ሳይሞላው ድምፁ ተመለሰ። አሁን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልሠራው አስቤአለሁ፤ ቁልፍም ክሪክም አለኝ። ማኒፎልዱንስ አብሬ ልቀይረው? (አንባቢ፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ ሲሞቅ ድምፁ መቀነሱ ጥርጣሬዎን ያጠናክራል። ብረት ሲግል ይለጠጣል፤ ክፍተቱም ይጠባል። ሆኖም የቫልቭ ድምፅም ለጆሮ ተመሳሳይ ስለሆነ አንድም ብሎን ሳይፈቱ ይለዩት። የጭስ ፍሳሽ ነዳጅ ሲሰጡትና ሞተሩ ሲጫነው ይጎላል፤ የቫልቭ ድምፅ ግን ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ይፈጥናል እንጂ በጭነት ብዙም አይለወጥም። አንድ ሜትር ያህል የጎማ ቱቦ ወስደው አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ፣ ሌላውን በማኒፎልዱ ዙሪያ ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ ፍሳሹ ያለበት ቀዳዳ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ጆሮዎን ይመታዋል። እጅዎንም ቱቦውንም ከፋኑና ከቺንጊያው ያርቁ። ሌላው መንገድ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ አስነስቶ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ የሳሙና ውሃ በመጋጠሚያው ላይ መርጨት ነው፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ እሱ ነው። ማኒፎልዱ ከጋለ በኋላ ግን ውሃ አይርጩበት። ከፈቱት በኋላ ደግሞ ጥላሸቱ ራሱ ይመሰክራል፤ ጭስ ያለፈበት ቦታ ጥቁር ጭረት ይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጓርኒሲዮን ብዙውን ጊዜ በራሱ አይቃጠልም። የሚቃጠለው ሳይጨቆን የቀረው ክፍሉ ነው፤ የማይጨቆነውም ወይ ማኒፎልዱ ስለተጣመመ፣ ወይ አንድ ስታድ (ዳዶ የሚታሰርበት ራስ የሌለው ብሎን) ስለተሰበረ ወይም ስለላላ፣ ወይ ደግሞ ከታች ያለው ቧንቧ ማንጠልጠያው ተበጥሶ ክብደቱን በሙሉ ማኒፎልዱ ላይ ስለጣለ ነው። የሞተር መቀመጫ ጎማ ሲያልቅም ሞተሩ በተናጠ ቁጥር ቧንቧው ማኒፎልዱን ይጎትተዋል። የእርስዎ መኪና ላይ ከእነዚህ አንዱ ሳይታይ ታልፏል ማለት ነው። ሲሊኮኑማ ምንም አይረዳም። ቀዩ ሲሊኮን የሚችለው ወደ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ጋዝ በጭነት ከ700 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ላይ የሲሊኮን ትነት የኦክስጅን ሴንሰሩን (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) ይመርዛል። ሲሊኮን የዘይት ካርተር ላይ ቦታ አለው፤ እዚህ ግን የለውም።

ማኒፎልዱን ለመቀየር ከመወሰንዎ በፊት ያውጡትና ይፈትሹት፤ ቀጥሎ እንደምናየው ብዙ ጊዜ ፊቱን ማስላግ (በማሽን ፍቆ ማስተካከል) ብቻ ይበቃዋል። ጓርኒሲዮኖቹን ግን ከመፍታትዎ በፊት ገዝተው ያስቀምጡ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ በቴስታታው፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ እና በማኒፎልዱ መካከል የሚገባው፣ ሌላው ማኒፎልዱ ከፊተኛው ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚገባው። የሁለተኛውን መርሳት የተለመደ ነው፤ አሮጌው አንዴ ከተፈታ እንደገና አይዘጋም። መለዋወጫ ቤት ሲሄዱ የሞተሩን ዓይነትና የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ፤ «የኮሮላ» ብቻ ካሉ የሌላ ሞተር ጓርኒሲዮን ሊሰጥዎ ይችላል። በቴስታታው በኩል የሚገቡት ስታዶችና ዳዶዎች ባለ 8 ሚሊሜትር ሲሆኑ የሚፈቱት በ12 ቁልፍ ነው፤ የፊተኛው ቧንቧ ዳዶዎች በ14 ይፈታሉ። ዳዶዎቹን በሙሉ በአዲስ ይተኩ፤ ሁለት ሦስት ትርፍ ስታድም ይግዙ። ተራ ዳዶ ከግንባታ ዕቃ መደብር አያምጡ፤ ሙቀቱ ያላላዋል ወይም ያጣብቀዋል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግዎ ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ (ዳዶውን የሚያቅፍ የቁልፍ ራስ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ዳዶ ጆሮ ይበላል)፣ ማራዘሚያ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ ለብሎን ጥርስ የሚቀባ የመዳብ ወይም የግራፋይት ግሪስ፣ እና ዝገት ሰርስሮ የሚገባ ዘይት ነው። ይህን ዘይት ካላገኙ የመሪ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ደባልቆ መጠቀም ይቻላል፤ አሴቶን እንደ ቤንዚን ስለሚቀጣጠል እሳትና የጋለ ሞተር አጠገብ አያድርሱት፤ ቀለሙም ላይ አያንጠባጥቡ።

ዘይቱን መቀባት የሚጀምረው በዋዜማው ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የላይኛውን የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ በ10 ቁልፍ ፈትተው ዳዶዎቹን በሙሉ ያርሱ፤ ማታና ጠዋት ይድገሙ። ይህችን አንድ ሌሊት መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ነው በማግስቱ ስታድ ሰብሮ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበትና የሚቦረቦርበት ቤት) የሚሰለፈው።

መኪናውን ስለማንሳት ጥቂት እንበል። ሐይቁ አቅራቢያ ባሉ ሰፈሮች ግቢው ጥቁር አፈር ከሆነ ክረምት ላይ ክሪክ ይሰምጣል። ከክሪኩም ከመደገፊያውም ሥር ወፍራም ሰፊ ጣውላ ያንጥፉ፤ የኮብልስቶን ንጣፍ ካለዎት የተሻለ ነው። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያግዱ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ። ከመኪና ሥር ሲገቡ የሚታመኑት በብረት መደገፊያ ብቻ ነው፤ ባዶ የግንባታ ብሎኬት ከላይ ሲጫነው ሳያስጠነቅቅ ይፈነዳል። ከዚያ የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ።

በዚህ ሞተር ላይ ማኒፎልዱ ከፊት፣ በራዲያተሩ በኩል ስለሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ፋኑን ከነቤቱ አውጥተው ቢያስቀምጡ እጅዎ በነፃነት ይገባል። (1ኤንዜድ ሞተር ያላቸው ያሪስና ቪትዝ ላይ ከኋላ፣ በሾፌሩ ግድግዳ በኩል ነው፤ ቦታው ጠባብ፣ ሥራው እጥፍ ነው።) የኦክስጅን ሴንሰሩን ሶኬት ይንቀሉና ሽቦው እንዳይጎተት ወደ ጎን ያስሩት። ከዚያ ከታች ገብተው የፊተኛውን ቧንቧ ዳዶዎች ይፍቱ፤ ቧንቧው እንዳይንጠለጠል በሽቦ ያስሩት። ማኒፎልዱን ከሞተሩ ብሎክ ጋር የሚያያይዝ ትንሽ የብረት ድጋፍ ከሥሩ አለ፤ እሱን ሳይፈቱ ማኒፎልዱን መጎተት ማኒፎልዱን መስበር ነው።

የማኒፎልዱን ዳዶዎች ከዳር ወደ መሐል ይፍቱ። ዳዶው እንቢ ሲል ሙሉ ጉልበት አይስጡት፤ በመጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ገፋ ያድርጉት፣ ዝገቱ «ጭቅ» ሲል ይመልሱት፣ ዘይት ያርሱት፣ ሩብ ዙር ይፍቱ፣ ግማሹን ይመልሱ። ዳዶው ከነስታዱ ቢወጣ አይጨነቁ፤ እንደውም ጥሩ ነው፣ አዲስ ይገባል። ስታዱ ጫፍ ትቶ ከተሰበረ ሁለት ዳዶ እርስ በርስ አጥብቀው ከሥረኛው ያዙሩት። ከቴስታታው ጋር እኩል ሆኖ ከተሰበረ ደግሞ ብየዳ የሚችል ባለሙያ ይጥሩ፤ በተሰበረው ላይ ዳዶ አስቀምጦ በቀዳዳው ውስጥ ይበይደዋል፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ የብረቱ ብየዳ አይይዘውም፤ ከብየዳው ሙቀት የተነሳም ስታዱ ላልቶ ይወጣል። የመጨረሻው አማራጭ መሰርሰር ነው፦ መሐሉን በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጎ ከ3 ሚሊሜትር ጀምሮ እያሰፉ መሄድ፤ አዲስ ጥርስ ለማውጣት የሚያስፈልገው ቀዳዳ 6.8 ሚሊሜትር ነው። መሰርሰሪያው ከመሐል ከወጣ ጠንካራውን ብረት ትቶ ለስላሳውን አሉሚኒየም ስለሚበላ፣ እጅዎ ያልለመደ ከሆነ ይህን ለቶርኖ ቤት ይተዉት።

ማኒፎልዱ ሲወጣ የቴስታታውን ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ይወትፉ፤ ስንት ጨርቅ እንዳስገቡም ይቁጠሩ። የቀረውን ጓርኒሲዮን በእንጨት ወይም በነሐስ መፋቂያ ያንሱ። ግራይንደር ላይ የሚገጠም የሽቦ ብሩሽ አሉሚኒየሙ ላይ አያስጠጉ፤ በደቂቃ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍራል። የቆየ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በውሃ አርጥበው ይፋቁት፣ ብናኙን በአየር አይንፉት፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ቀጥሎ ያለውን ፍተሻ ነው ያለፈው ጋራዥ የዘለለው። ማስመሪያውን በጠርዙ አቁመው የማኒፎልዱን ፊት በርዝመቱና በሰያፍ ይለኩ። 0.3 ሚሊሜትር ስስ ብረት በየትኛውም ቦታ ከሥሩ ካለፈ ማኒፎልዱ ተጣሟል፤ ቶርኖ ቤት ያስልጉት። ጥመቱ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ግን ሌላ መፈለግ ይሻላል፤ ብዙ የተላገ አንገት ይሳሳና ይሰነጠቃል። ቴስታታውንም በዚሁ መንገድ ይለኩ፤ እሱ ላይ የሚፈቀደው 0.1 ብቻ ነው። ስንጥቅ ለመፈለግ ማኒፎልዱን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ነጭ ጋዝ ይቀቡት፣ ጥቂት ቆይተው በደንብ ይጥረጉት፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ጋዙን መልሶ ያነጥበውና ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይስላል። በተለይ አንገቶቹ የሚገናኙበትን መጋጠሚያና የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ ይመልከቱ።

ያገለገለ ማኒፎልድ የሚገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ወፍራም መስታወት ላይ አስቀምጠው ያወዛውዙት፤ ካንቀጫቀጨ ይመልሱት። አንጠልጥለውም በትንሽ መዶሻ መታ ያድርጉት፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል።

መግጠሙ ከመፍታቱ ይቀላል። ጨርቆቹን ቆጥረው ያውጡ። አዲሶቹን ስታዶች በእጅ እስኪቆሙ ያስገቡ። ጓርኒሲዮኑ ደረቁን ይገባል፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከቴስታታው ጋር መግጠማቸውን ይመልከቱ፤ ተገልብጦ ሲገባ የአንዱን መንገድ በከፊል የሚዘጋ አለ። ሁሉንም ዳዶ በመጀመሪያ በጣት ያስይዙ፤ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር እያጠበቁ ይሂዱ። ለዚህ ሞተር የማኒፎልዱ ዳዶ 34 ኒውተን ሜትር፣ የፊተኛው ቧንቧ 62 ኒውተን ሜትር ነው። ለሌላ ሞተር የራሱን መመሪያ ይመልከቱ።

የቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከሌለዎት የገበያ ተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃል፤ ጣና ዳር ዓሣ የሚመዘንበት ዓይነት። ከዳዶው መሐል 25 ሳንቲሜትር ርቆ ቁልፉ ላይ ሚዛኑን ያንጠልጥሉና በቀጥታ ማዕዘን ይሳቡ፤ 14 ኪሎ ሲያሳይ 34 ኒውተን ሜትር ደርሷል፣ 25 ኪሎ ሲያሳይ ደግሞ 62 ገደማ። በጉልበት ግምት የሚያጠብቅ ሰው ዘወትር አብዝቶ ያጠብቃል፤ የአሉሚኒየም ጥርስም ተጠርጎ ይወጣል።

ከሥር ያለውን ድጋፍ የሚያስሩት ማኒፎልዱና ቧንቧው ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ቀድመው ካሰሩት ማኒፎልዱን እየሳበ ይይዘዋል። የኦክስጅን ሴንሰሩን ካወጡት ጥርሱ ላይ ብቻ ጥቂት ግሪስ ይቀቡ፣ ጫፉን አይንኩት። እግረ መንገድዎን የቧንቧውን ማንጠልጠያ ጎማዎች ሁሉ ይፈትሹ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ያለ እነሱ ግን ይህን ሁሉ ሥራ በቅርቡ ይደግሙታል።

መኪናውን ሲያስነሱ ውጭ ሜዳ ላይ ይሁን። እስከ ሩብ ሰዓት ያህል ነጭ ጭስ ከማኒፎልዱ ላይ ቢነሳ የቀረው ዘይት ሲቃጠል ነው፤ ያልፋል። ድምፁ ግን ከመጀመሪያው መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ «ሲለምድ ይዘጋል» ብለው አይጠብቁ። ጥቂት ቀን ከነዱት በኋላ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን በዚያው መጠን አንዴ ይሞክሯቸው፤ በጋለ ሞተር ማጥበቅ ስታድ መስበር ነው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ጎንደር የምሠራ የዶልፊን ሹፌር ነኝ። ከማኒፎልድ በኩል ጭስ ያፈሳል፤ ፊት የሚቀመጡ ተሳፋሪዎች ራሳቸውን እንደሚያማቸው ይነግሩኛል። ናፍጣ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም ይላሉ። ተራ እስካገኝ መስኮት ከፍቼ ብሠራስ? (አንባቢ፣ ከመናኸሪያ አካባቢ)

መልስ፦ ይቁሙ፤ ዛሬውኑ። የመኪናዎ ሞተር ያለው ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው፤ የሚያፈሰው ጭስ መጀመሪያ የሚያገኘው የእርስዎንና የጎረቤትዎን አፍንጫ ነው። ናፍጣ ከቤንዚን ያነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል ማለት አያወጣም ማለት አይደለም፤ ወደ ሦስት ሰዓት በሚጠጋ መንገድ ላይ ትንሹም ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው፤ ሹፌርን እንቅልፍ ሲይዘው ምን እንደሚመጣ ለእርስዎ አንነግርዎትም። መስኮት መክፈትም መፍትሔ አይደለም፤ መኪናው ሲሄድ ከኋላ ያለውን ጭስ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል።

ጓርኒሲዮኑን ሲያስቀይሩ የሞተሩን መሸፈኛ ዙሪያ የሚዘጋውን ጎማም ይመልከቱ፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም መቆለፊያዎቹ ከላሉ ፍሳሹ ከተጠገነም በኋላ ሽታና ሙቀት ይገባል። በፍሳሹ ፊት ለፊት የሚያልፉ የሽቦና የነዳጅ ቱቦዎችንም በእጅ ይዳስሱ። የጋለ ጋዝ ሲመታው የቆየ ቱቦ ጠንክሮ ይሰነጣጠቃል።

ጥያቄ፦ ማኒፎልዴ ተሰንጥቋል። በያጁ በተራ ኤሌክትሮድ በይዶልኝ በሳምንቱ ከብየዳው ጎን እንደገና ተሰነጠቀ። ብየዳ ጨርሶ አይሆንም ማለት ነው? (አንባቢ፣ ከሐሙሲት)

መልስ፦ ይሆናል፤ በዚያ ኤሌክትሮድ ግን አይሆንም። ማኒፎልድ ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ብረት ነው፤ ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ተራው ብየዳ ጎኑን አጠንክሮ ያደርቀዋል፤ ሲቀዘቅዝም ከዚያው ከጎኑ ይፈነዳል፣ ልክ እንደደረሰብዎ። የሚያስፈልገው የኒኬል ኤሌክትሮድ ነው። ስንጥቁ በሁለቱም ጫፍ ይበሳል፣ እንዳይቀጥል፤ ከዚያ በቪ ቅርጽ ይቆፈራል፣ ማኒፎልዱ ወደ 300 ዲግሪ ይሞቃል፣ ብየዳውም ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር እየተደረገ በየመሐሉ በመዶሻ ቀለል ተደርጎ ይመታል። ሲያልቅ በአመድ ወይም በደረቅ አሸዋ ተቀብሮ አድሮ ይቀዝቅዝ። እንዳይጣመምም ሲበየድ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ላይ በብሎን ይታሰር፤ ቢሆንም ከብየዳ በኋላ ፊቱን ሳይለኩ አይግጠሙ። እንዲህ ተደርጎም ብየዳ ሌላ ማኒፎልድ እስኪገኝ የሚያቆይ ነው።

ስንጥቁ ከየት እንደመጣም ያስቡበት። ከጉዞ ተመልሰው ወዲያው ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ሞተር የሚያሳጥቡ ሰዎች እናውቃለን፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ማኒፎልድ ለመሰንጠቅ ከዚህ የፈጠነ መንገድ የለም። ዘይትና ናፍጣው ወደ ጣና መግባቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ጥያቄ፦ የባጃጄ ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይጮኻል፤ ነዳጅ ስለቅም «ጧ ጧ» ይላል። ጓደኛዬ ከጣሳ ቆርቆሮ ቆርጦ አስገባበት፤ ሁለት ቀን ቆየ። (አንባቢ፣ ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ነዳጅ ሲለቁ የሚተኩሰው በፍሳሹ በኩል ንጹሕ አየር ስለሚገባና ያልተቃጠለው ነዳጅ ማርሚታው ውስጥ ስለሚነድ ነው። ጣሳ ስስ ስለሆነ አይጨቆንም፣ ቶሎም ይቃጠላል። እዚያ የሚገባው ትንሽ የቀለበት ጓርኒሲዮን ነው፤ አሮጌውን ከቴስታታው ቀዳዳ ውስጥ ፈልቅቀው ማውጣትዎን ያረጋግጡ፤ ተጣብቆ ቀርቶ በላዩ ላይ አዲስ የሚደረብበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲገጥሙ መጀመሪያ ሁሉንም ለቀቅ አድርገው ያስይዙ፤ ቀጥሎ ማርሚታውን ከቴስታታው ጋር የሚያያይዙትን ዳዶዎች በየተራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር እያሉ እኩል ያጥብቁ፤ የማርሚታውን ማሰሪያ ብሎን መጨረሻ ላይ። ማሰሪያው ቀድሞ ከጠበቀ ቱቦው ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል፤ አዲሱም ቀለበት በአንድ ጎኑ ብቻ ይጨቆናል።